በንግሥት ክልከላ ከጥፋት የተረፈው በቀቀን

የሪማታራ ሎሪኬት በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ አካል በሆነችው በትንሿ የሪማታራ ደሴት የሚኖር የበቀቀን ዝርያ ነው። ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ጀርባው አረንጓዴ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ደማቅ ቀይ፣ ማጅራቱና ጭኑ ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው።

እንደ አብዛኞቹ በቀቀኖች ጠንካራ ፍሬ እየፈለፈለ አይመገብም። የምላሱ ጫፍ እንደ ብሩሽ በጥቃቅን ክሮች የተሸፈነ በመሆኑ ከኮኮናትና ከሙዝ አበባዎች ወለላ ይልሳል፤ ፕሮቲን የሚያገኘውም ከአበባው ብናኝ ነው። በዚህም ምክንያት ከጥቅጥቅ ደን ይልቅ የነዋሪዎች ጓሮና የአትክልት ስፍራ ይስማማዋል። ጎጆውን የሚሠራው በዛፍ ግንድ ፍልፍል ውስጥ ነው።

ለአደጋ የዳረገው ውበቱ ነው። ቀይ ላባ በፖሊኔዥያ የሹማምንት ክብር መለያ ስለነበር ወፉ በብዛት ታድኗል። በደቡባዊ ኩክ ደሴቶች ይኖር እንደነበር የሚመሰክሩት ከመሬት ተቆፍረው የወጡ አጥንቶች ብቻ ነበሩ። በሪማታራ ግን እ.ኤ.አ በ1900 አካባቢ ንግሥት ታማኤቫ ወፉ እንዳይገደልና ከደሴቲቱ እንዳይወጣ ከለከሉ። ነዋሪዎቹም ክልከላውን እስከ ዛሬ ጠብቀውታል። በጽሑፍ የወጡ ስንት ደንቦች ይህን ያህል ዕድሜ አላገኙም።

ሌላው የመትረፉ ምክንያት ዛፍ ላይ ወጥቶ እንቁላልና ጫጩት የሚበላው ጥቁር አይጥ ሪማታራ አለመግባቱ ነው። ይሁንና ዝርያው በአንድ ደሴት ላይ ብቻ ቢመካ አንዲት መርከብ ይዛው በምትመጣው አይጥ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ውጪ የሚገኘው በኪሪባቲ ጥቂት ደሴቶች ሲሆን እነዚያንም ቀደም ባሉት ዘመናት ሰዎች እንዳደረሷቸው ይታመናል።

ስለሆነም እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2007 የሪማታራ ሕዝብ ፈቅዶ 27 ወፎች በአውሮፕላን ወደ ኩክ ደሴቶች ተወስደው፣ ጥቁር አይጥ በሌለባት የአቲዩ ደሴት ተለቀቁ። በአዲሱ ስፍራም መራባት ጀመሩ። ሆኖም ቀድሞ ከውጭ የገባው ማይና የተባለ ወፍ ጫጩቶቻቸውን በማጥቃቱ፣ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ማይናን ከአቲዩ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዷል።

በሁለቱም ደሴቶች ወሳኙ ስፍራ ወደቡ ነው። ከመርከብ የሚራገፍ ጭነት አይጥ አለመያዙ ካልተፈተሸ የንግሥቲቱ ክልከላ ብቻውን ወፉን አያድነውም።