ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ፤ የማርና የአዳራሽ ታሪክ

ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ነው። ብዙ ጊዜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለሚውል ጠጁም ሥጋውም ይፈቀዳል። ከቡሬ በጠዋት የተነሣ ሰው ማንኩሳን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ጂጋንና ደምበጫን አልፎ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አይቶ ሳይመሽ ይመለሳል። የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ ግን ለመንገደኛው አንድ ምክር አለኝ፦ ግንቡን ከማየትዎ በፊት ስለ ማሩ ይጠይቁ። በድሮው ጎጃም የትልቅ ሰው ቤት ትልቅነቱ የሚታወቀው በጋኖቹ ብዛት ነበርና።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ ጭነው ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተባሉ። በዓመቱ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። በ1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ ድርቡሽ ድል አደረጋቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያነገሧቸው ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ተቆጥተው ዘመቱባቸውና አገሩን አጠፉት። ይህን ሁሉ ችለው ዓድዋ የዘመቱት ንጉሥ ጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ጊዜ የተመታ ሠራዊት ተመልሶ የሚሰበሰበው በደመወዝ አልነበረም፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለምና። ወታደሩ ጌታውን የሚከተለው መሬት ስለሚሰጠው፣ በአዳራሹም አስቀምጦ ስለሚያበላውና ስለሚያጠጣው ነበር።

በአዳራሹ ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነበር። መኳንንቱ ጠጅ በብርሌ ይቀዳላቸዋል፤ የበታቹ ተራውን ጠብቆ ይገባል፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ጠጁ እየሳሳ ይሄድና በጠላ ይተካል። ይህ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ፣ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው የአንድነት ፓርክ ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክን የግብር አዳራሽ ይመልከት። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ይስተናገድበት ነበር።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ጠጅ ጣይዋ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ ትበጠብጥና በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ትከድነዋለች። ከቀናት በኋላ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ትገፍፈዋለች። ከብርዙ ላይ ጥቂት ቀንሳ ጌሾውን ታፈላበትና መልሳ ትጨምራለች፤ ሲፈላ ሰንብቶ ጌሾው ይወጣል፣ ይጠለላል፣ ይጠራል። እንግዲህ አንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ ሊትር ቢጠጣ ከሁለት ኩንታል ተኩል የማያንስ ማር አልቋል ማለት ነው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት የሚቆረጠው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ግብዣ የ40 ወይም የ50 ቀፎ የዓመት ምርት ይጠጣል። ንቦቹ ከክረምቱ በኋላ በአበባው ወራት የደከሙበት፣ ገበሬው ዛፍ ላይ ወጥቶ በጭስ እየታፈነ የቆረጠው ማር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል ማለት ነው።

ያ ማር የሚመጣው ከገጠሩ ነበር፤ በግብር መልክ። ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ ይህን ኑሮ ከውስጥ ያውቁት ነበር፤ ተወልደው ያደጉት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው መንገዳችን በሚያልፍባት ማንኩሳ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ከባላባቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የተጣሉት ከደንቡ በላይ ስለተጠየቁ ነበር። ልብ ወለድ ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ በአውሮፕላንም ደበደበው፤ በኋላ ግን ውዝፍ ግብሩን ለመተው ተገደደ።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተሰብም በአንድ ልብ አልኖረም። የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን ገዝተው፣ ተሽረው፣ ታስረው፣ በኋላ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። የንጉሡ የልጅ ልጅ ነጋሽ በዛብህ ደግሞ ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። ጣሊያን የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ በዚሁ መንገድ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም እዚያው እጅ ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላምም የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በንጉሠ ነገሥቱ ነው። ልክ ቡሬ በተለቀቀችበት ዕለት፣ የካቲት 25 ቀን፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ። ባላባቱ በመሬቱ ላይ የነበረው መብት ቀረ፤ የአዳራሹ ጋንም የሚሞላበት ምንጭ ደረቀ።

ስለ ወይን ጠጅም ላንሣ፤ ፈረንጅ አገር ትልቅ ቤት ሲጎበኝ የወይን ጓዳውም አብሮ ይጎበኛል። በአገራችን የአዋሽ ወይን ጠጅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ፤ በዝዋይ ደግሞ የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ከተከለው ወይን የተጠመቀው በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። በምዕራብ ጎጃም ግን ወይን የሚጨመቀው በየቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ውስጥ ነው። ለበዓል ምእመኑ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ይመጣል። አገልጋዩ ደረቁን ዘቢብ በውኃ ይዘፈዝፈዋል፤ ሲለሰልስ በእጁ አሽቶ ይጨምቀውና ያጠልለዋል፤ ለቅዳሴም ይቀርባል። ማንም ቱሪስት የማይገባበት፣ ማንም ብርሌ የማያነሣበት ቤት ነው። ዘቢቡን የሚያመጣው ግን ያው ገበሬ ነው፤ እዚህ ስለቱ አስገድዶት እንጂ ጭቃ ሹም ገፍቶት አይደለም።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስን የሚያስጎበኙ ሰዎች የንጉሡን ዙፋንና ጦርነት ሲተርኩ የጠጅ ቤቱንም ይጨምሩበት። አንድ ጋንና አንድ ቀፎ ቢቀመጥ፣ ማር ያስገቡ የነበሩ ሰበካዎችና ቀበሌዎች ስምም በግድግዳው ላይ ቢሰፍር፣ ከማንኩሳና ከደምበጫ ልጆቹን ይዞ የመጣ ገበሬ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የአያቶቹን ድርሻ ያገኛል።