ቴፓንያኪ ስቴክ ቤት

ሥጋ፣ የባሕር ምግብና አትክልት በጋለ ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ላይ፣ በእንግዳው ፊት የሚጠበስበት የጃፓን ምግብ ቤት ነው። አሠራሩን በ1945 እ.ኤ.አ. በኮቤ ከተማ ሚሶኖ የተባለው ቤት እንደጀመረው ይነገራል። በምዕራቡ ዓለም ዝናውን ያገነነው ግን ቤኒሃና ነው። የቀድሞው የትግል ስፖርተኛ ሂሮአኪ (ሮኪ) አኦኪ በሃርለም አይስክሬም እየሸጠ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ሲከፍተው የነበሩት ጠረጴዛዎች አራት ብቻ ነበሩ።

የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይቀሩ ምጣዱን ከበው ይቀመጣሉ፤ ሼፉ ቢላውን እያሽከረከረ፣ የሽንኩርት ቀለበት ደራርቦ «እሳተ ገሞራ» እያስነሳ ይጠብሳል። ትርኢቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቅመሙ ይበልጣል። ለባለቤቱም ያዋጣል፦ ምግቡ ገበታው ላይ ስለሚበስል ጓዳው ጠባብ ቢሆን ይበቃል፤ ጠረጴዛው እስኪሞላ የሚጠብቀውም እንግዳ ባሩ ውስጥ መጠጥ እያዘዘ ይቆያል።