ከሞት የተረፈው አእምሮ፦ ቫይረስና መዝገብ በጎንደር የሕክምና ታሪክ



የወረርሽኝ ታሪካችን ባመዛኙ የሙታን ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ስለ ተረፉት ነው፤ ቫይረስ ሕይወታቸውን ሳይነጥቅ ማስታወሳቸውን፣ ቅልጥፍናቸውንና ጠባያቸውን ስለ ለወጠባቸው ሰዎች። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። በሽታ በአእምሮ ላይ የሚተወው ጠባሳ ወደ ታሪክ መዝገብ የሚገባው ታማሚው በሕይወት ሲቆይና የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ይባላል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ታመው ድነዋል፤ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ የምናቃጥልበት ልማድ ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ትዝታው ግን የሞትና የመንጻት ነው፤ ከአልጋ ተነሥተው እንደ ቀድሞው ስላልሆኑት የሚለው ነገር የለም። በዚያው ዘመን በቪየና ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ሰውን በእንቅልፍ የሚያደነዝዝ የአንጎል ብግነት ገልጾ ነበር። ከተረፉት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ሰውነታቸው ግትር ሆነ፤ የልጆቹም ጠባይ ተለወጠ። በሽታው ከኢንፍሉዌንዛው ጋር ያለው ዝምድና እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። የተረፉት ሰዎች ሁኔታ ግን የታወቀው በሆስፒታል ተኝተው ለዓመታት ስለ ተመዘገቡ ነው። በእኛ አገር የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ራሳቸው በበሽታው ተጠቅተው ነበር።

ይህ ማለት በጎንደር የአእምሮ መለወጥ ስም አልነበረውም ማለት አይደለም። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት በዝርዝር መዝግቧል። ለቤተሰብ እንግዳ የሆነበት ሰው ዛር ወርዶበታል፣ ተለክፏል ይባል ነበር፤ ወደ ባለዛር ወይም ወደ ጠበል ይወሰድም ነበር። ዛርን በቫይረስ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ሥርዓቱ የራሱ ማኅበራዊ ትርጉም አለው። ነገር ግን ትኩሳቱ በአንድ መዝገብ፣ የአእምሮው ለውጥ በሌላ መዝገብ ሲገባ፣ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚችለው ዝምድና ለታሪክ ጸሐፊ ይጠፋል።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተወለደው በደምቢያ ሺሕዎችን ከገደለው የወባ ወረርሽኝ ማግስት ነው። ጤና መኮንኖች ሞትን ለመከላከል ሠለጠኑ፤ ተገቢም ነበር። የተራፊው አእምሮ ጥያቄ ግን በስፋት እስኪነሣ ኤችአይቪን መጠበቅ ነበረበት።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ቫይረሱ በተያዘው ሰው አንጎል ውስጥ የሚገባው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የነርቭ ሕዋሳትን በቀጥታ ከመውረር ይልቅ በአንጎል ተከላካይ ሕዋሳት ውስጥ ይሸሸጋል፤ ከእነርሱ የሚወጣው መርዛማ ንጥረ ነገርና ብግነት ነርቭን ይጎዳል። ሰውየው ይረሳል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፣ እጁ ይፈዛል፣ ከሰው ይርቃል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሞት ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሕሙማን ኖሩ፤ ከባዱ የአእምሮ መድከም ቀነሰ፤ ቀላል የሚመስለው ዝንጋታ ግን መታየት ጀመረ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ አራት ቃላት ማስታወስ፣ ጣትን በፍጥነት ማንካካትና የእጅ እንቅስቃሴን በቅደም ተከተል መድገም ይበቃል።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም። ከወገራ ወይም ከስሜን ደጋ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለቀጠሮው የዘገየ፣ መድኃኒቱን የዘነጋ ሕመምተኛ «ምክር አይሰማም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። መዘንጋቱ ራሱ የሕመሙ ምልክት ከሆነስ? ያን ጊዜ መዝገቡ በሽታን ወደ ጥፋት ይለውጣል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው፣ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ያሳየናል።

ዩኒቨርሲቲያችን በዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል፤ ሰው ሲሞትም ቤተሰቡ ስለ አሟሟቱ ይጠየቃል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ለእናንተ ለተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሞተው እንዴት እንደ ሞተ በዚህ ትጋት የምንጠይቅ ከሆነ፣ የተረፈው እንዴት እየኖረ እንደ ሆነ በዚያው ትጋት የሚጠይቀው ማን ነው? መቶ ዓመት ቆይቶ የዘመናችንን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው ዛሬ የጠየቅነውንና የመዘገብነውን ያህል ነው።