ዜና ሊቶሪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ይህ ዜና በድሬዳዋ ለደከሙት የባቡር ሠራተኞች ክብር፣ ለፎገራም ልጆች ትምህርት ተጻፈ።

በ1886 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚመጣውን የሐዲድ ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ ፈቀዱ። በ1895 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም በእርሱ ተቆረቆረች። በ1909፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

በ1928 ሚያዝያ 24 ቀን ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ አገራቸው ሊሟገቱ በዚሁ ሐዲድ ወደ ባሕር ወረዱ።

ጠላት የሆነው ጣሊያንም በአገሩ ሳለ ሊቶሪና የምትባለውን፣ የፊያት ፋብሪካ የሠራትን ባለ ናፍጣ ሠረገላ አመጣ። ያመጣት ለራሱ ጥቅም ነበረ፤ እግዚአብሔር ግን ለኢትዮጵያ ሰው አዋላት።

የዚህች ሠረገላ ነገር እንዲህ ነው። ሞተሯና መንገደኞቿ በአንድ አካል ናቸው፤ ከፊት የሚጎትታት የላትም። የእንፋሎቱ ባቡር ውኃ ሳይሞላ አይሄድም፤ በኢሳና በአፋር ምድር ግን ውኃ ብርቅ ነው። ሊቶሪናን ይህ ችግር አልነካትም፤ ናፍጣዋን ይዛ በረሃውን አቋረጠች። በሁለት ጫፏ የነጂ ቦታ ስላላት ስትመለስ ማዞሪያ አትሻም። ከአዲስ አበባው ከለገሀር ጣቢያ ተነሥታ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በአዋሽ አልፋ ወደ ድሬዳዋ ወረደች፤ ከቆላውም ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ወጣች።

ጠላት ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ልጆች ጠበቋት። በድሬዳዋ የጥገና ቤት ብረት አቅልጠው፣ በማሽን ቀርጸው፣ ከሩቅ አገር የማይመጣውን መለዋወጫ በእጃቸው ሠሩ። አባት ልጁን አስተማረ፤ ልጅም የአባቱን መፍቻ ወረሰ። ይህን የመሰለ ትጋት በአገራችን ጥቂት ነው። ኋላም ከፈረንሳይ አገር፣ ከሱሌ ፋብሪካ፣ ሌሎች ባለ ናፍጣ ሠረገሎች መጥተው አገልግሎቷን ወረሱ፤ እነርሱንም ያኖሯቸው እነዚያው እጆች ናቸው።

በ1969 የሱማሌ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ፣ መንገዱም ተቋረጠ። የባቡር ሰዎች ግን ስፍራቸውን አልለቀቁም፤ የፈረሰውን ሠርተው ሐዲዱን መለሱ። በ1977 በጥር ወር በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ኀዘን ሆነ፤ የሞቱትን ነፍስ ይማር።

ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ እያረጀ፣ ጉዞውም እየሳሳ ሄደ። መንገደኛው ወደ አውቶቡስ ዞረ፤ ለጠጋኞቹ የተደረገውም ከድካማቸው አነሰ። በ2009 መስከረም 25 ቀን በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ይህም መልካም ሆነ።

ስለ ፎገራይቱ ከተማ ስለ ወረታም እንናገር። መንግሥት ባወጣው የሐዲድ ዕቅድ ከባሕር ዳር ወደ ወልድያ የሚያልፈውና በጎንደር በኩል ወደ መተማ የሚሄደው በወረታ እንዲገናኙ ተወጠነ። እስከ ዛሬ ሸክሙን የያዘው በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ ነው። በወረታም ደረቅ ወደብ ተሠርቷል።

የፎገራ ሰው ሆይ፣ ምድርህ ዋልካ ናት፤ ርብና ጉማራም በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ። እዚህ የሚነጠፍ ሐዲድ በየዓመቱ የሚጠብቀው እጅ ይሻል፤ ያ እጅ ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም። የድሬዳዋ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ልጅህን ልከህ አስተምር። ጣቢያውን የሚሠራ ገንዘብ ከውጭ ይመጣ ይሆናል፤ ጠጋኙን ግን ራስህ አሳድግ። ለደከሙት እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈል። አሜን።