የአስታማሚ አበል «በትርፍ ተከፍሏችኋልና መልሱ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ብሪታኒያ ውስጥ እናቱን፣ ባለቤቱን ወይም የታመመ ልጁን እያስታመመ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ከመንግሥት የሚያስደነግጥ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። የአስታማሚ አበል፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኬረርስ አላዋንስ፣ ሳይገባችሁ ለብዙ ሳምንታት ተከፍሏችኋል፤ ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ መልሱ ይላል። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ያለ ዕዳ የተመዘገበባቸው አስታማሚዎች ከ134 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ዕዳቸውም ሲደመር ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጥ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደብዳቤው ለንደን ወይም በርሚንግሃም ይድረስ እንጂ ጭንቀቱ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ ይመጣል። በሊበንም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ገጠር እናትን መጦር፣ አባትን ማስታመም የልጅ ግዴታ ነው፤ መንግሥት ለዚህ ደመወዝ የሚቆርጥበት አሠራር የለም። ስለዚህ በየወሩ ይላክ የነበረው ገንዘብ ሲቀንስ «እናቱን በመጦሩ መንግሥት ከሰሰው» የሚለውን ወሬ አገር ቤት ያለ ዘመድ ማመን ይቸግረዋል። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደግሞ «ሌባ ተባልኩ» ብሎ ያፍራል፤ ለጎረቤትም ለመስጂድ ጀመዓም ሳይናገር ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የከበደው ጥፋት ዝም ማለት ነው፤ ውሳኔውን ለመቃወም የሚሰጠው መደበኛ ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነውና።

ዕዳው ከየት ይመጣል?

አበሉ የሚሰጠው በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለሚያስታምም ሰው ነው። የሚታመመው ሰውም ከአካል ጉዳት ወይም ከእርጅና ጋር የተያያዙ ከተወሰኑ ድጎማዎች አንዱን የሚቀበል መሆን አለበት። ክፍያው በ2024 ሚያዝያ በሳምንት 81 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም፣ በ2025 ሚያዝያ 83 ፓውንድ ከ30 ሳንቲም ነበር። በ35 ሰዓት ቢካፈል ለአንድ ሰዓት ከሁለት ፓውንድ ተኩል የማይሞላ ገንዘብ ነው። አስታማሚው ውጭ ወጥቶ መሥራት ይችላል፤ የሳምንት ገቢው ግን ከተወሰነ ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ጣሪያው በ2021 ሚያዝያ 128 ፓውንድ፣ በ2022 132፣ በ2023 139፣ በ2024 151 ነበር። በ2025 ሚያዝያ በአንድ ጊዜ ወደ 196 አደገ። በየሚያዝያው ስለሚለወጥ፣ የደረሳችሁ ደብዳቤ ስለ የትኛው ዓመት እንደሚናገር ለይታችሁ የዚያን ዓመት ጣሪያ ተመልከቱ።

ክፋቱ ጣሪያው ገደል መሆኑ ነው። በአንድ ሳንቲም ያለፈ ሰው የሚያጣው ያችን ሳንቲም ሳይሆን የሳምንቱን አበል በሙሉ ነው። አንዲት እህት በዝቅተኛው ሕጋዊ ደመወዝ በሳምንት 14 ሰዓት ጽዳት ትሠራለች እንበል። በ2021 የሰዓቱ ክፍያ 8 ፓውንድ ከ91 ነበርና ገቢዋ 124 ፓውንድ ከ74 ነው፤ ከጣሪያው በታች ናት። በ2022 ሚያዝያ መንግሥት ራሱ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 9 ፓውንድ ከ50 ሲያሳድገው ገቢዋ 133 ሆነ፤ ጣሪያው 132 ነው። አንድ ሰዓት ሳትጨምር፣ ለአሠሪዋም ምንም ሳትጠይቅ፣ በአንድ ፓውንድ አለፈች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከቀጠለ በትርፍ ያገኘችው 52 ፓውንድ ሲሆን፣ መልሺ የምትባለው በሳምንት 69 ከ70 ተባዝቶ 3,624 ፓውንድ ከ40 ነው።

መሥሪያ ቤቱ ይህን አያውቅም ነበር እንዳንል፣ የሥራና ጡረታ መሥሪያ ቤቱ (ዲደብሊውፒ የሚባለው) ከግብር መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መረጃ በኮምፒውተር ይደርሰው ነበር። ሆኖም ከሚመጡለት ማስጠንቀቂያዎች ብዙዎቹን ሳያያቸው ወራትና ዓመታት አለፉ፤ ዕዳውም በዝምታ ተከመረ። የብሪታኒያ ፓርላማ ኮሚቴና የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ2019 ይህን አንስተው ነበር። በኋላ መንግሥት ሊዝ ሴይስ የተባሉ ባለሙያ ጉዳዩን በገለልተኝነት እንዲመረምሩ አደረገ፤ ሪፖርታቸው በኅዳር 2025 ወጣ። ከግኝቶቹ ዋነኛው፣ ገቢያቸው ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ሰዎች አማካይ ገቢ ሲሰላ መሥሪያ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የተጠቀመበት መመሪያ ስህተት ያለበት መሆኑ ነው። መንግሥትም የቆዩ መዝገቦችን እንደገና እንደሚያይና ወደ 26 ሺህ ሰዎች ዕዳቸው ሊሰረዝ ወይም ሊቀነስ እንደሚችል ተናግሯል።

ይህ ማለት «መንግሥት ከጻፈው ልክ ነው» ብሎ መቀበል አያስፈልግም ማለት ነው። ደብዳቤው አንድ ሠራተኛ የሰጠው ውሳኔ ነው፤ መሞገት ይቻላል።

ደብዳቤውን ስትከፍቱ

በመጀመሪያ ቀኑን እዩ። አንዱ ወር የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን እንጂ እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። ከዚያ ገንዘቡን ከመክፈላችሁም ሆነ የክፍያ ስምምነት ከመፈረማችሁ በፊት ነገሩን ከፋፍላችሁ ጠይቁ። እውን በዚያ ሳምንት አበሉ አይገባኝም ነበር? ድምሩስ ልክ ነው? ልክ ቢሆንስ፣ እኔ እንድመልስ ሕጉ ያስገድደኛል? አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ «አዎ፣ አልፌያለሁ» ብሎ እጅ ይሰጣል።

ገቢ ሲባል ደመወዝ ወረቀቱ ላይ ከላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። የገቢ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ ይቀነሳል። ለጡረታ ከምታዋጡት ግማሹ ይቀነሳል። ሥራ ላይ ሳላችሁ ልጃችሁን ወይም የምታስታምሙትን ሰው ለሚጠብቅላችሁ፣ የቅርብ ዘመድ ላልሆነ ሰው የምትከፍሉትም ከገቢያችሁ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀነስ ይችላል። ከላይ ያነሳናት እህት በሳምንት አራት ፓውንድ ለጡረታ ታዋጣ ከነበረ፣ ሁለቱ ተቀንሶ ገቢዋ 131 ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች ናትና ዕዳ የለባትም። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ፓውንድ በሁለት ፓውንድ ጠፋ ማለት ነው። ደመወዛችሁ በየአራት ሳምንቱ የሚከፈል፣ በአንዳንድ ወር ተጨማሪ ሰዓት ወይም የዕረፍት ክፍያ የሚገባበት ከሆነ ደግሞ አማካዩ እንዴት እንደተሰላ በየሳምንቱ ተዘርዝሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የሴይስ ሪፖርት ስህተት ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሕግ ነው። ለዚህ አበል በሚሠራው የ1992 ሕግ መሠረት፣ በትርፍ የተከፈለ ገንዘብ ከእናንተ የሚመለሰው አንድ አስፈላጊ ነገር በስህተት ነግራችሁ ወይም መንገር ሲገባችሁ ሳትነግሩ ቀርታችሁ ከሆነ ነው። ስልክ ደውላችሁ «ሥራ ጀምሬያለሁ» ብላችሁ ከነበረና እነሱ ሳይመዘግቡት ከቀሩ፣ ጥፋቱ የእነሱ ነው። መናገራችሁን ለማረጋገጥ መሥሪያ ቤቱ ስለ እናንተ የያዘውን መረጃ ሁሉ፣ የስልክ ማስታወሻዎቹን ጨምሮ፣ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ግን ሕጉ ይለያል፤ በዚያ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆንም ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል። ሁለቱን አታምታቱ።

ውሳኔውን መቃወም

የመጀመሪያው ደረጃ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን ይሉታል። በስልክም ይቻላል፤ እኛ የምንመክረው ግን በጽሑፍ፣ ኮፒውን አስቀርቶ፣ የተላከበት ማስረጃ ባለው ፖስታ ነው። በዚያው ደብዳቤ ጉዳዩ እስኪታይ ገንዘብ መቁረጡን እንዲያቆሙ ጠይቁ። ወሩ ካለፈባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሕመም፣ ለቅሶ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን እስከ 13 ወር ድረስ ዘግይቶ ማመልከት ይፈቀዳል። መልሱ ካላረካችሁ መልሱ ከተጻፈ በአንድ ወር ውስጥ ለገለልተኛው ትሪቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

ሲቲዝንስ አድቫይስና ኬረርስ ዩኬ በዚህ ጉዳይ በነጻ ያማክራሉ፤ በየአካባቢው ያሉ የሕግ ማዕከላትም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን በስልኩና በእናቱ መካከል አስተርጓሚ አድርጎ ማቆም በየቤቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። ልጁ «ዕዳ» እና «ማጭበርበር» የሚሉትን ቃላት መለየት ሊያቅተው ይችላል፤ እናቱ ያላለችውን እንዳለች ተደርጎ ይመዘገባል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምትቀበሉ ከሆነ፣ የአስታማሚ አበሉ ፓውንድ በፓውንድ ከእሱ ላይ ሲቀነስ ኖሯል። ስለዚህ አማካሪያችሁ ሂሳቡን ይህንንም ይዞ እንዲያይ ንገሩት። በዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ ለአስታማሚ የሚጨመረው ክፍያ ደግሞ የገቢ ጣሪያ የለውም። አበሉን በገቢ ምክንያት ያጣ ሰው ይህን ጭማሪ አያጣም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አይጠይቀውም።

ደብዳቤው ስለ ገንዘብ መመለስ ሳይሆን «ለምርመራ ቃል እንድትሰጡ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ የማጭበርበር ጥርጣሬ ነውና ያለ ጠበቃና ያለ አስተርጓሚ ብቻችሁን አትሂዱ። በክስ ፈንታ የዕዳውን ግማሽ ቅጣት ጨምራችሁ እንድትከፍሉ ቢቀርብላችሁም «ይቅርብኝ፣ ልገላገል» ብሎ እዚያው መፈረም አያስፈልግም። ከፈረማችሁም ሐሳባችሁን ለመቀየር 14 ቀን አላችሁ። መንገር እየረሱ መቅረትና እያወቁ መደበቅ አንድ አይደሉም፤ እያወቀ የደበቀ ካለ ደግሞ ለጠበቃው እውነቱን ይንገረው።

ዕዳው ከጸና

ሁሉም ታይቶ ዕዳው እውነት ከሆነ ዕዳ ነው፤ ሙስሊም የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኖርም። ነገር ግን አከፋፈሉ ላይ መነጋገር ይቻላል። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ የሕክምና መመላለሻ ተጽፎ ሲቀርብ ወርኃዊው ክፍያ ይቀንሳል። ዝም ካላችሁ ግን መሥሪያ ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዛችሁ በቀጥታ የማስቆረጥ ሥልጣን አለው። ዕዳው የታማሚውን ወይም የአስታማሚውን ጤና የሚጎዳ ደረጃ ላይ ከደረሰ በልዩ ሁኔታ እንዲቀርላችሁ ማመልከትም አለ፤ የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል፤ የሚፈቀደውም ለጥቂቶች ነው።

ለእኛ አንባቢዎች በተለይ መነገር ያለበት፣ መሥሪያ ቤቱ በዚህ ዕዳ ላይ ወለድ አይጨምርም። እፎይ ለማለት ብሎ በክሬዲት ካርድ ወይም በወለድ ብድር አንስቶ በአንድ ጊዜ መክፈል ወለድ የሌለበትን ዕዳ ወደ ሪባ መለወጥ ነው፤ በሂሳብም ኪሳራ ነው። ከዚያ ይልቅ በወር ትንሽ እየከፈሉ ዓመታት መቆየት ይሻላል። ዕዳ የከበዳቸው ሰዎች፣ ጋሪሙን የሚባሉት፣ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ናቸው። የእናንተ ሁኔታ በዚያ ይካተት እንደሆነ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ የመስጂድ የዘካ ኮሚቴም እናቱን በማስታመሙ ዕዳ የገባን ሰው ከመስጂዱ በር ከሚጠይቀው ሰው አሳንሶ ባያየው እንወዳለን።

አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦችም እውነቱን ንገሯቸው። ፍኖተ ሰላም ያለች እናት ልጇ በየወሩ የሚልክላት ገንዘብ ለስድስት ወር እንደሚቀንስ ብታውቅ ታቅዳለች። ሳታውቅ ስትቀር ግን ከጎረቤት ትበደራለች፤ አንዱ ዕዳ ሁለት ይሆናል።

ከጉዞና ከለቅሶ ጋር

ከደመወዝ ሌላ የእኛን ሰዎች ሊያሰናክል የሚችለው ጉዞ ነው። አስታማሚው ብቻውን ከሀገር ከወጣ አበሉ በመደበኛነት የሚቀጥለው እስከ አራት ሳምንት ነው። ለሐጅ የሄደ ሰው በዚያው ቡሬ ለቤተሰብ ጥየቃ ጎራ ቢል፣ ወይም ለለቅሶ ሄዶ እስከ ሰደቃው ቢቆይ፣ አራቱ ሳምንት ሳይታወቅ ያልፋል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትወጡበትንና የምትመለሱበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። የምታስታምሙት ሰው ሆስፒታል ሲገባም አሳውቁ፤ ከ28 ቀን በኋላ የእሱ ድጎማ ሊቆም ስለሚችል የእናንተም አበል ሊቆም ይችላል።

የሚታመመው ሰው ወደ አኼራ ከሄደም ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። አበሉ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ የእነዚህ ሳምንታት ገንዘብ ሕጋዊ መብታችሁ ነውና በትርፍ እንደተከፈለ ተቆጥሮ መልሱ ከተባላችሁ ተቃወሙ። ስኮትላንድ የምትኖሩ ደግሞ አበሉ በሌላ ስለተተካ ደብዳቤው ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ስኮትላንድ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ቀነ ገደቡንና የአቤቱታውን መንገድ እዚያው ደብዳቤ ላይ ካለው ተከተሉ።