ከአንድ ዓይን ወደ ብዙዎች ዓይን
ስለ ቴሌስኮፕና ስለ ቪዲዮ ካሜራ አመራረጥ አጭር ታሪካዊ ሐተታ

የሰማይን ነገር መመርመር ለሀገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሊቃውንቶቻችን በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ ከምዕራፍ 72 እስከ ምዕራፍ 82 ድረስ ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ነው። ነገር ግን ቈጥሮ ማወቅና በዓይን አይቶ መረዳት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ጁፒተር ጨረቃዎች እንዳሉት ይነገራል፤ ተማሪው ቃሉን አጥንቶ ለፈተና ይመልሳል፤ ነገሩን ግን አላየውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ቴሌስኮፕ ለመግዛት የሚያስቡ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ከቴሌስኮፑ ጋር የሚሄደውን ካሜራ በአነስተኛ ዋጋ እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ከታሪክ ጋር አያይዤ ለሥራ ባልደረቦቼ ለማቅረብ አስቤአለሁ። የኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጋሊሌዮ በ1610 ዓ.ም. መጀመሪያ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን ባየ ጊዜ ትልቁ ችግሩ ማየቱ አልነበረም፤ ሌላውን ሰው ማሳየት ነበር። በዚያው ዓመት በቦሎኛ ከተማ መነጽሩን ለሊቃውንት ቢያቀርብ፣ ተመልካቾቹ ጨረቃዎቹን በግልጥ አላየንም ብለው ክርክር አነሡ። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በቴሌስኮፕ የሚያየው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ምን እንዳየ ከአጠገቡ የቆመው መምህር ሊያውቅ አይችልም፤ «ይኸ ነው» ብሎ በጣቱ ሊያመለክተውም አይችልም።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መፍትሔ ፎቶግራፍ ነበር። የዳጌር ፎቶግራፍ የማንሣት ዘዴ በ1839 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጆን ዊልያም ድሬፐር በኒውዮርክ የጨረቃን ሥዕል አነሣ። ከዚያ ወዲህ ቴሌስኮፕ ያየውን የሚመሰክር ሰሌዳ ተገኘ፤ ምስክሩም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ ደግሞ ደጋግሞ የሚመረመር ሆነ።

የዚህ ምስክርነት ኀይል ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም ነው። ከጣና የሚወርደው ጥቁር ዓባይ አል-ማንሺያ የሚባለውን ሰፈር ዳር ዳር ታክኮ አልፎ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በዚህ ከተማ፣ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በኛ አቈጣጠር የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ ፀሐይ በረፋዱ ፈጽማ ጨለመች። የወሩ ሰማይ ደረቅና የጠራ ስለሆነ ከብዙ አገር የመጡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መሣሪያቸውን በዚያ ተክለው ነበር። ጨለማው የቆየው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የብዙ ወራት ድካምና ወጪ በዚያች ቅጽበት ላይ የተመሠረተ ነበረ።

ከመጡት መካከል የ72 ዓመቱ ጆርጅ ቫን ቢዝብሩክ ይገኝበታል። ሐሳቡ የአንስታይንን ትምህርት ለመፈተን ነበር፤ ይኸውም የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ጥቂት ይጐብጣል የሚለው ነው። በጨለማው ደቂቃ በፀሐይ ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አነሣ፤ ከስድስት ወር ያህል በኋላም ወደ ካርቱም ተመልሶ እነዚያኑ ከዋክብት ፀሐይ በሌለችበት በሌሊት አነሣቸውና ሁለቱን አስተያየ። ያገኘው ልክ 1.70 ሰከንድ ነበር፤ አንስታይን የተነበየው 1.75 ነው። እዚህ ላይ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው። በ20 ጫማ ቴሌስኮፑ ሰሌዳ ላይ ይህ ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ አይበልጥም። ይህን ያህል ነገር በዓይን ብቻ አይቶ ማንንም ማሳመን ባልተቻለም ነበር።

በዚያው ግርዶሽ ካርቱም ከተገኙት ሌላው ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ ነበር። ይህ ሰው ግርዶሽ ሳይጠበቅ የፀሐይን አክሊል ለማየት የሚያስችል መሣሪያ የፈለሰፈ፣ በ1930ዎቹም ከፀሐይ ጠርዝ የሚነሣውን ነበልባል በሲኒማ ፊልም ያነሣ ነው። ስለዚህ በቴሌስኮፕ የታየው ነገር እየተንቀሳቀሰ በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ እንዲታይ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ እርሱ ነው። ከካርቱም ወደ ሀገሩ ሲመለስ በመንገድ ታሞ በኤፕሪል 2 ቀን 1952 ዓ.ም. ዐረፈ።

ፎቶግራፍና ፊልም ግን ታጥበው እስኪወጡ ድረስ ይቆያሉ። ሰማዩ በሚታይበት በዚያችው ሰዓት ሥዕሉን ለብዙ ሰው ለማሳየት የቻለው የኤሌክትሪክ ዓይን ነው። በ1969 ዓ.ም. ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ቤተ ሙከራ «ሲሲዲ» የተባለውን፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ብልኃት አሰቡ፤ ለዚህም በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በመጀመሪያ ዋጋው ከትልልቅ ተቋሞች በቀር የሚደፈር አልነበረም። እየቆየ ግን ለጥበቃ ሥራና ለኮምፒዩተር ንግግር በብዛት ሲሠራ ረከሰ፤ የሰማይ ወዳጆችም ሌንሱን አውልቀው በቴሌስኮፕ ላይ ይሰኩት ጀመር። በጁላይ 19 ቀን 2009 ዓ.ም. አንቶኒ ዌስሊ የተባለ አውስትራልያዊ በግቢው ባለው ቴሌስኮፕና በቪዲዮ ካሜራው ጁፒተርን ሲመለከት፣ አንድ አካል ወድቆበት የተወውን ጥቁር ጠባሳ ከሁሉ አስቀድሞ አየ። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ወደዚያ የዞሩት ከእርሱ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። 50 ተማሪዎች አንድ አንድ ደቂቃ ቢያዩ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ምድር ስለምትዞር፣ ሞተር በሌለው ቴሌስኮፕ ግማሽ ዲግሪ በሚያሳይ ሌንስ ውስጥ ያለ ኮከብ በሁለት ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ መምህሩም ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተካክል ያመሻል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ካሜራው ሥዕሉን በቴሌቪዥን ወይም በፕሮጄክተር ሲያወጣ ሃምሳው በአንድነት ያያል፤ መምህሩም በጣቱ እያመለከተ ያስረዳል።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠራው የፒክሰልን ብዛት ነው፤ ይህ ግን ሊያታልለን አይገባም። የትኵረት ርዝመቱ 1 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ጁፒተር በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ላይ የሚያርፍበት ስፍራ ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ባዶ ጨለማ ነው። ስለዚህ ለፕላኔቶች ትንሽ ሰሌዳ ያለውና በሰከንድ ብዙ ሥዕል የሚያነሣ ርካሽ ካሜራ ይበቃል። ጨረቃ ግን በዚያው ቴሌስኮፕ 9 ሚሊሜትር ያህል ትሰፋለች፤ ወርዱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ሰሌዳ በከፊል እንጂ ሙሉዋን አይዝም። ይህን የሚፈልግ የትኵረት ርዝመትን የሚያሳጥር ሌንስ ይጨምር።

ደካማ ብርሃን ላላቸው ለኔቡላና ለከዋክብት ክምችት የሚያስፈልገው ብርሃንን የሚያጠራቅም ካሜራ ነው። ለጥበቃ ከተሠሩት መካከል እስከ 10 ሰከንድ ያህል አጠራቅመው የሚያሳዩ አሉ። ነገር ግን ቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚከተል ሞተር ከሌለው ይህ ችሎታ ከንቱ ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሥዕሉ ከጁፒተር ስፋት ሦስት እጥፍ ይሸሻልና ኮከቡ መሥመር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አስቀድሞ መቆሚያው ይጠንክር፤ ካሜራው ኋላ ይደርሳል።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መመርመር ይገባል። አንደኛ፣ የካሜራው አንገት ከቴሌስኮፑ የዓይን ሌንስ ማስገቢያ ጋር መግጠሙ ነው፤ የብዙዎቹ ስፋት 31.7 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛ፣ በመስተዋት በሚሠሩት ቴሌስኮፖች አንዳንድ ጊዜ ካሜራው ሥዕሉ ከሚጠራበት ስፍራ ስለማይደርስ፣ በዚያው ቴሌስኮፕ ላይ ተሞክሮ መታየቱ ነው። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ በምን እንደሚወጣ ነው፤ በቀጥታ በቴሌቪዥን የሚታየው ኮምፒዩተር ለሌለው ትምህርት ቤት ይሻላል። ለዋጋ ምሳሌ ያህል፣ በ2020 ዓ.ም. ለትንሹ ራስበሪ ፓይ ኮምፒዩተር የወጣው ባለ 12 ሚሊዮን ፒክሰል ካሜራ በ50 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህም ካልተቻለ የእጅ ስልክን በዓይን ሌንሱ ላይ በማሰሪያ አጽንቶ ጨረቃን ማሳየት ይቻላል።

ፀሐይን ለማየት ግን ማጣሪያው ከቱቦው ፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል፣ ጠብቆ መታሰር አለበት። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር፣ በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ ለዓይን ጥንቃቄ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ተረድተናል። ሥዕሉ በመስኮት ላይ ሲወጣ የሕፃናት ዓይን ከአደጋ ይድናል።

በእንጦጦ ተራራ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ይህ ለሀገር ክብር ነው። በእነርሱ ላይ ወደፊት የሚሠሩት ተመራማሪዎች ግን ዛሬ በየአውራጃው ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ቫን ቢዝብሩክ በሸመገለ ዕድሜው ሁለት ጊዜ ወደ ካርቱም የተመላለሰው ያየውን ሌላው እንዲያምን ነበር። እኛም የምናስተምረውን ተማሪው አይቶ እንዲያምን ከፈለግን፣ በሣጥኑ ላይ በተጻፈው ቍጥር ሳንደነቅ፣ ብዙ ዓይን የሚያገለግለውን እንምረጥ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ባይችል ሁለትና ሦስት ሆነው ቢገዙና በየተራ ቢጠቀሙበት ሥራው ይቃናል፤ የመምህራን ማኅበርነትም ፍሬው ይኸው ነው።