የአዳኝ መነጽር፦ ከማጉላት በፊት ብርሃን

ለአደን ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው። የዚህን ዕቃ ታሪክ የመረመረ ሰው መነጽሩን ለአዳኝ የሚረባ ያደረገው የማጉላት ኃይሉ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ማጉላቱ ገና ከጅምሩ ነበረና። ብዙ ትውልድ የደከመበት ጉዳይ ሌላ ነው፦ በድንግዝግዝ ብርሃን አጥርቶ ማሳየት፣ ዝናብና የጠመንጃን ምት ችሎ መርጋት፣ ለዓይንም ሰፊ እይታ መስጠት። እስከ 200 ሜትር ባለ ርቀት ለሚያድን ሰው ዛሬም መመዘኛው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጆን ቻፕማን የተባለ ሰው ስለ ጠመንጃ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ጠመንጃ ሠሪው ሞርጋን ጀምስ ይሠራው የነበረውን ባለ መነጽር ጠመንጃ ገልጿል። በ1855 ደግሞ በዚያው ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ ዊልያም ማልኮም የተሻለ ሌንስ ያላቸውን መነጽሮች መሥራት ጀመረ፤ ከእነሱም 20 እጥፍ የሚያጎሉ ነበሩ። ዛሬ ገዢ የሚጓጓለት ቁጥር እንግዲህ ያኔም ነበረ። ዳሩ ግን ቱቦው ቀጭንና የአፈሙዙን ያህል ረጅም ነበር። በጠባቡ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጥቂት፣ የሚታየውም ሜዳ ጠባብ ነበር። ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አስተኝቶ፣ በቀን ብርሃን የማይንቀሳቀስ ዒላማ ለሚተኩስ ሰው ይህ ይበቃል። በጫካ ውስጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አጋዘን ለሚጠብቅ ግን ሸክም ነው። አዳኙ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር በሌለው ተራ ማነጣጠሪያ መቆየቱ በግትርነት አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከዒላማ ሜዳ ሳይሆን ከደን ነው። እኛ ምንሽር የምንለው ጠመንጃ በወጣባት በኦስትሪያ፣ በሽትሮንስዶርፍ የደን ሹም የነበረው አውጉስት ፊድለር በ1880 ለአደን የሚያገለግል መነጽር በመሥራቱ ስሙ ይነሳል። በ1898 ደግሞ ካርል ሮበርት ካህለስ ዛሬም ድረስ የአደን መነጽር የሚሠራውን ድርጅት በቪየና አቋቋመ። በዚያ አገር አጋዘንና የዱር አሳማ ከጫካ ወደ ማሳ የሚወጡት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ የአገሩ አዳኝ ከሁሉ በፊት የፈለገው ብርሃን ነበር። ስሌቱም ቀላል ነው። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉሊያው ብታካፍሉት ወደ ዓይን የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። 42 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ባለ 6 እጥፍ መነጽር 7 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተውም ወደዚያው ገደማ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ባለ 24 እጥፍ ግን 2 ሚሊሜትር ብቻ ይሰጣል። ሌንሱ ሰፍቶ እንኳ ምስሉ ይጨልማል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሃያኛው መቶ ዘመን ታሪክ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ያልተቀባ ሌንስ በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ አሥር ገጽ ባለው መነጽር ሲደማመር ሲሶው ይባክናል ማለት ነው። በ1935 የጀርመኑ የዛይስ ፋብሪካ ባለሙያ አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቁን የሚቀንስ ስስ ቅብ ፈለሰፈ፤ ከዚያ በኋላ ማጉሊያው ሳይለወጥ ምስሉ ፈካ። በአሜሪካ ቢል ዊቨር በ1930 ባለ 3 እጥፍ ገደማ መነጽር በ19 ዶላር አቅርቦ ዕቃውን ለተራው አዳኝ አደረሰው። የቀረው እርጥበት ነበር። ማርከስ ሊዮፖልድ በዚያው በአሜሪካ፣ በኦሪጎን ግዛት ዝናባማ ጫካ መነጽሩ ውስጡን ጉም ለብሶ አጋዘን ካመለጠው በኋላ መፍትሔ እንደፈለገ ይተረካል። የእሱ ፋብሪካ በ1947 ያወጣው መነጽር አየሩ ወጥቶ በደረቅ ናይትሮጂን የተሞላና በጥብቅ የታሸገ ነበር። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም በማጉሊያው ላይ የጨመረ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብዙ አዳኝ ምርጫ የሆነውም ባለ 4 እጥፉ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ቀንዱንና ጾታውን ለመለየት ከፍተኛ ማጉሊያ ያስፈልጋል የሚል ነው። መለየት ግዴታ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የሚለየው በእጅ መነጽር ነው። ምን እንደሆነ ባልታወቀ ነገር ላይ የጎረሰ ጠመንጃ መደገን ለሰው ሕይወት አደጋ ነው። ሁለተኛው የዘመኑ ጥበብ የድሮውን ገደብ ሽሮታል የሚል ነው። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚለዋወጠው መነጽር በእርግጥ ዛሬ የሚታመን ሆኗል፤ ዝቅ አድርጎ ይዞ ሲያስፈልግ ብቻ ከፍ ለሚያደርግ ሰው መልካም ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ የትኛውም ቅብ ከላይ ያየነውን ማካፈል አይለውጥም፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ከማጉሊያው ጋር አብሮ ይጎላል። ባለ 4 እጥፍ መነጽር በ100 ሜትር ላይ 10 ሜትር ገደማ ስፋት ሲያሳይ፣ ባለ 24 እጥፉ ከሁለት ሜትር ያነሰ ያሳያል፤ እንስሳው አንድ እርምጃ ከተራመደ ከእይታ ይወጣል። ጥይቱም ቢሆን በዚህ ርቀት ብዙ ስሌት አይጠይቅም። 30-06 የሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት በ200 ሜትር ላይ ከተስተካከለ፣ በ100 ሜትር 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ፣ በ250 ሜትር 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ መሐሉን ያነጣጠረ ሰው እስከ 200 ሜትር ድረስ በጥይቱ ከፍና ዝቅ ማለት ምክንያት አይስትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ መነጽር ራሱ ለአዳኙ ያደላል፣ የአደንንም ክብር ይቀንሳል የሚል። ነገር ግን ዓይን የጠመንጃውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ የፊቱንና እንስሳውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። መነጽር ግን በውስጡ ያለውን የማነጣጠሪያ መስመርና እንስሳውን በአንድ ርቀት ላይ ያሉ ያህል አድርጎ ያሳያል። በዚህም የሚተርፈው ክብር የእንስሳው ነው፤ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቀናት ሙሉ ከመሰቃየት ይድናልና። ይህ መከራከሪያ ግን ገደብ አለው። መነጽሩ አዳኙን ከአቅሙ በላይ በሆነ ርቀት እንዲተኩስ የሚያደፋፍር ከሆነ፣ ማቁሰልን ለመቀነስ የተሠራው ዕቃ መልሶ ማቁሰያ ይሆናል። ከፍተኛ ቁጥር ደግሞ ይህን ድፍረት ይሰጣል።

ስለዚህ ገዢው የጥያቄውን ተራ ይገልብጥ። መጀመሪያ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ከዛፍ ጥላ ሥር ያለን ነገር ያሳያል? ቀጥሎ፣ ከብዙ ተኩስና ከዝናብ በኋላ የተስተካከለበትን ይጠብቃል? ከዚያም፣ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ሲወጣ ዓይን ሳይፈልግ ሙሉውን ምስል ያገኛል? እነዚህ ከተሟሉ ለ200 ሜትር ከ4 እስከ 6 እጥፍ ይበቃል። የደን ሹሙም የመነጽር ሠሪዎቹም ድካም ያስተማረው ይህንን ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ እንስሳውን ሳያሰቃይ ለመጣል የሚጨነቅ አዳኝ ገንዘቡን በቁጥር ላይ ሳይሆን በሌንሱ ጥራት ላይ ማዋል አለበት።